ልጄን ቀብድ አድርጌ ነበር

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ብዙ አልናገርም፤ ታውቁኛላችሁ። ሁለት ሰንበት ልመሰክር ብዬ ሁለቴም ሳልነሣ ቀረሁ። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ብል የሰው ዕቃ የደበቅሁ መስሎ ተሰማኝ። ስለዚህ ቆሜያለሁ። የምናገረው ስለ አባቴና ስለ ልጄ ነው። ስሙ ይባረክ!

አባቴን አቶ ይመርን እዚህ መካነ ሰላም የማያውቅ የለም። ከብት ነጋዴ ነበሩ። ከአቀስታ ገዝተው ደጎሎ ይሸጣሉ፣ ከደጎሎ ገዝተው እዚህ ያመጣሉ። ማንበብና መጻፍ አያውቁም። ግን አንድ በሬ ወደው ቀብድ ከሰጡ ነገሩ አለቀ፤ ባለቤቱ ለሌላ አያሳየውም። በቀጠሯቸው ቀን ዝናብ ቢሆን፣ ወንዝ ቢሞላ ቀሪውን ይዘው ይመጣሉ። "የይመር ቀብድ አይቀርም" ይባል ነበር። እኔ በዚህ ስም ነው ያደግሁት፤ በዚህ ስም ነው የተዳርኩት።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ አባቴም ብቻቸውን ነበሩና እኔ ቤት ገቡ። ቤቴ ሁለት ክፍል ናት። ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ ገበያ እሸጣለሁ። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ሰብለ። አሥረኛ ክፍል ተፈትና ውጤቱ አልመጣላትም። ጓደኞቿ ሁሉ ዓረብ አገር ሲሄዱ እሷም ሄደች። ጅዳ ሰው ቤት ተቀጠረች።

የአባቴ ነገር የጀመረው እሷ በሄደች በዓመቱ ነው። መጀመሪያ ስም ይረሱ ነበር። ቀጥሎ እኔን በእናቴ ስም ይጠሩኝ ጀመር። እርጅና ነው አልኩ። አንድ የገበያ ቀን ግን ፊታቸው በርቶ ገቡ።

"ጥሩ ወይፈን ያዝኩ" አሉኝ። "ቀብዱን ሰጥቼ መጣሁ።"

"ከማን አባባ?"

"ከሰውየው።"

"ከየትኛው ሰውዬ?"

"ከገበያው ሰውዬ ነዋ! ወይፈን ከቤተ ክርስቲያን ይገዛል?"

ሳቅሁ። ፍራሼን ሳነሣ ነው ሳቄ የቆመው። ለበርበሬ መግዣ ያስቀመጥኩት ብር አልነበረም።

በሚቀጥለው ገበያ ሌላ ወይፈን ያዙ። በሚቀጥለውም። ያለፈውን አያስታውሱትም፤ ነጋዴነታቸውን ግን አልረሱም። ጥርስ ያያሉ፣ ሻኛ ይዳብሳሉ፣ ዋጋ ይከራከራሉ፣ ሲስማሙ እጅ ይመታሉ፣ ቀብድ ሰጥተው ይመጣሉ። ተቀባዩ ምን ያድርግ? አንዳንዱ ደህና ናቸው ብሎ ነው የሚቀበለው። የይመርን ቀብድ አልቀበልም ማለት ስድብ ነው። አንዳንዱ ግን ያውቃል። የማይመለስ ሰው ቀብድ ደግሞ ለተቀባዩ ይቀራል፤ ሕጉ ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ገበያ ወጥቼ "አባቴ አእምሯቸው ደክሟል፣ እባካችሁ አትቀበሏቸው" ብል ኖሮ ነገሩ ያን ቀን ያበቃ ነበር። አላልኩም። አፈርኩ። ያ ስም በእኔ አፍ እንዲወድቅ አልፈለግሁም። ስማቸውን የጠበቅሁ መስሎኝ ቤቴን አራገፍኩ።

ገንዘቡን ስደብቅ ከዘራቸውን ቀብድ ሰጡ። በሐምሌ ጋቢያቸውን ሰጥተው በዚያ ብርድ ትከሻቸው ረጥቦ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ መጡ። ያን ጊዜ በር ቆለፍኩባቸው። አባቴ በሩን ሲደበድቡ እኔ ውጭ ቆሜ አለቀስኩ። ከፈትኩላቸው።

የምትጠብቃቸው ሴት ቀጠርኩ። ልብሳቸውን መያዝ ሲያቅታቸው ሳሙናው፣ ውኃ ማሞቂያው እንጨት፣ የፍራሹ መቀየር በላዬ ላይ መጣ። እሳቸውን ፍለጋ ስሮጥ ገበያዬ ይፈታል። ጸበል ወሰድኳቸው፤ ለጉዞው፣ እዚያ ለምንሰነብትበት ከፈልኩ። የሚሰጡኝን ምክር ሁሉ ሞከርኩ። ይህ ሁሉ ከየት መጣ ብትሉኝ ሰብለ ከጅዳ ከምትልከው ነው።

መጨረሻ ላይ ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ግን በትዕግሥት አያቸው። "አባቴ፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው?" አላቸው።

"አንተ ሐኪም ሆነህ ካላወቅኸው እኔ ምን ላድርግህ?" አሉት።

ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እናቴ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ይህ የመርሳት በሽታ ነው። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ከሐኪም ሐኪም እየዞሩ ገንዘብዎን አይጨርሱ። ለእሳቸው የሚያስፈልጋቸው አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ነው" አለኝ።

ወገኖቼ፣ ጆሮዬ የሰማው "የለውም" የሚለውን ብቻ ነው። "የሚቀመጥ ሰው" የሚለውን አልሰማሁትም። በአውቶቡስ ስመለስ የማስበው ሌላ ሐኪም ስለ መፈለግ፣ ሌላ ጠባቂ ስለ መቅጠር ነበር። ብር ካለ ይሆናል ብዬ።

ያን ጊዜ ሞባይል እኛ እጅ አልገባም። ሰብለ በቀጠሮ ቀን ቴሌ ትደውላለች። ልጆቻቸው ዓረብ አገር ካሉ እናቶች ጋር ተሰልፌ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

"እማዬ፣ ኮንትራቴ አለቀ። ማዳም 'ትሄጃለሽ ወይስ ትቆያለሽ?' ብላኛለች። ወረቀቱ የሚታደሰው ከረመዳን በኋላ ነው። ልምጣ?"

አራት ዓመት ሙሉ ፊቷን አላየሁም።

"ጤና ነሽ ግን?" አልኳት።

"አልሐምዱሊላህ። በረኪናው እጄን ላጠው እንጂ ደህና ነኝ። አባባ እንዴት ናቸው?"

"እንደዚያው ናቸው። ጠባቂዋም ጨምሪ ብላኛለች።"

"እሺ... ገባኝ። ስንት ዓመት ልጨምር?"

"ሁለት።"

'ሁለት' ብላ ደገመችው። ከዚያ፣ "እሺ እማዬ። አብሽሪ" አለችኝ።

ልጄ እኔን አብሽሪ አለችኝ! የተላጠ እጅ ያላት እሷ፣ አይዞሽ የምትለው እኔን! ስልኩን ዘግቼ ተራ ለሚጠብቁት እናቶች "ደህና ናት" አልኩና ወጣሁ። ያን ቀን ምግብ አልቀመስኩም።

በዚያው ሰሞን ጠባቂዋ ጥላን ሄደች። ጎረቤቴ የሺ፣ ይህች እዚህ መካከላችሁ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌና ክሯን ይዛ መጣች። ያን ጊዜ በሰፈር "ጴንጤዋ" ነበር የምንላት፤ እኔም እላት ነበር።

"እኔ ቁልፍ የምተክለው የትም ቁጭ ብዬ ነው። አንቺ ገበያሽ ሂጂ" አለችኝ።

"ስንት ልክፈልሽ?"

"ሽሮሽ ጥሩ ነው ይባላል። እሱን አብሊኝ።"

ገበያ ላይ ይህን ስናገር አንዷ ሴትዮ ሳቀችብኝ። "ጴንጤ በነጻ ምን ትሠራለች? ነፍስሽን ልትገዛ ነው!" አለችኝ። ማታ መጥቼ የተባልኩትን ለየሺ እንዳለ ነገርኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና "ነፍስሽ ባለቤት አላት። እኔ በምን አቅሜ እገዛታለሁ?" አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

በእሷ ምክንያት ወደ እናንተ መጣሁ። አልዋሽም፤ የመጣሁት ጌታን ፈልጌ አልነበረም። የአባቴን ፈውስ ፈልጌ ነው። ጸለያችሁ፣ ታስታውሳላችሁ። በሦስተኛው ቀን ገበያ ነበር። አባቴ ተነሥተው ወይፈን ሊገዙ ሄዱ።

ተናደድኩ። "ጸሎታችሁ የት ገባ?" አልኳት የሺን።

"አላውቅም" አለችኝ። "እኔ የማውቀው ዛሬም መጥቼ መቀመጤን ነው።"

ያን ጊዜ ሐኪሙ ያለኝ ትዝ አለኝ። አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው። ጌታ የላከልኝን መድኃኒት በቤቴ አስቀምጬ መድኃኒት እፈልግ ነበር! ስሙ ይክበር!

በሚቀጥለው እሑድ ከደሴ የመጣ ወንጌላዊ አስተማረ። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ። ስለ መንፈስ ቅዱስ ሲያስተምር "መያዣ" የሚለው ቃል ላይ ደረሰ። ቆመና፣ "ይህን መያዣ የሚለውን በእናንተ ገበያ ምን ትሉታላችሁ?" ብሎ ጠየቀን። አንድ ወንድም ከኋላ "ቀብድ!" አለ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔ አልሳቅሁም።

"ቀብድ የሰጠ ሰው ምን ማለቱ ነው?" አለ ወንጌላዊው።

"ተመልሼ እመጣለሁ ማለቱ ነው" አላችሁት።

"ካልመጣስ?"

"ቀብዱ ለሰውዬው ቀረ!"

"እግዚአብሔርስ በእናንተ ላይ መንፈሱን ቀብድ ሰጥቶ የሚቀር ይመስላችኋል? ለወደደው ነገር ተመልሶ ይመጣል። ሙሉውን ከፍሎ ይወስዳል።"

ሌሎቻችሁ ሃሌሉያ አላችሁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሕይወቴን በሙሉ የማውቀው ቃል ነው። ያን ቀን ግን ቃሉ እኔን ጠየቀኝ፤ አንቺስ ምን አስያዝሽ? አለኝ። እኔ ያስያዝኩት በሬ ወይም ጋቢ አይደለም። አንድ ልጄን ነው። ጅዳ አስቀምጫት፣ "ሁለት ዓመት" ብያት፣ ተመልሼ ልወስዳት አላሰብኩም። አባቴ ቀብዳቸውን የሚተዉት ረስተው ነው። እኔ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ ነው የተውኳት።

ተንበረከክሁ። "ጌታ ሆይ፣ አባቴን ፈውስልኝ ብዬ መጥቼ ነበር። እኔንም ታምሜ አገኘኸኝ። ማረኝ። በእኔ ላይ የሰጠኸውን አትተወው" አልኩ። ሌላ ጸሎት አላውቅም ነበር። ያን ቀን ጌታን ተቀበልኩ። ከዚያ ስነሣ ብር አልወረደልኝም፣ አባቴም አልዳኑም። አንድ ነገር ብቻ ቀለለኝ፤ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አወቅሁ። ክብር ለእሱ ይሁን!

ረመዳን ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የስልክ ቀጠሯችን ቀን ደረሰ። የሺ ልብስ ልታስረክብ ሄዳ ስለነበር አባቴን ይዣቸው ቴሌ ሄድኩ። እናቶቹ ተሰልፈዋል። ተራዬ ደረሰ።

"ሰብለ፣ ነይ" አልኳት።

"ምን?"

"ወረቀቱን አታሳድሽ። ነይ።"

ከዚያ ጩኸቷ ጆሮዬን በጠሰው። "አባባ ሞቱ! አባባዬ! ሳትነግሩኝ! ሳልቀብራቸው!"

ወገኖቼ፣ በደስታዬ አንድ ነገር ረስቼ ነበር። በእኛ አገር ሩቅ ላለ ሰው በስልክ ድንገት "ነይ" ከተባለ መርዶ ነው። ማንም ሰው በሌላ ምክንያት አይጠራም። እዚያ ማዳሟ በዓረብኛ ስትጮህ ይሰማኛል፤ እዚህ ተራ የሚጠብቁት እናቶች ብድግ ብድግ አሉ።

"ማን ሞተ? ማን ነው?" አለችኝ አንዷ፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ አበቃች።

"ኧረ ማንም አልሞተም!"

"አትደብቂን፤ ይውጣልሽ!"

ሰብለም አላመነችኝም። ብምል አላመነችኝም። ሲቸግረኝ ስልኩን አባቴ ጆሮ ላይ አደረግሁት።

"ሃሎ በሉ አባባ።"

"ማን ነው?" አሉ፣ ገበያ ላይ እንደሚጮኹት ጮኸው።

"ሰብለ ነኝ! አባባ፣ አሉ?"

"አለሁ። ወይፈኑን አመጣሽው?"

ልቅሶዋ ወደ ሳቅ ሲዞር ከሩቅ ሰማሁት። "ኧረ አላመጣሁም አባባ!" አለቻቸው።

"እንግዲያ ባዶ እጅሽን ነይ። ገበያው ሳይበተን ነይ" አሏት።

ባዶ እጅሽን ነይ! እኔ እናቷ ይህን ቃል ማለት አቅቶኝ ነበር። "ነይ" አልኩ እንጂ "ባዶ እጅሽን" ለማለት አፌ አልደፈረም። ጌታ ሁሉን በረሳ አፍ ላይ አደረገው። ስሙ ለዘላለም ይባረክ! ሰብለም "እመጣለሁ" አለች።

ስልኩን ስዘጋ ሁሉም እናቶች ያዩኛል። ነጠላዋን የዘቀዘቀችው ሴትዮ "ታዲያ ሰው ካልሞተ ለምን ትጠሪያታለሽ? በምን ልትኖሩ?" አለችኝ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ተናገርኩ። "አባቴ አእምሯቸው ደክሟል። የምትልከው ሁሉ በዚያ ነው የሚያልቀው። ከእንግዲህ ልጄን ለዚህ አላስቀምጣትም" አልኩ። አንዷ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ በኋላ ፍርሃት ያዘኝ። ጠርቻታለሁ፤ ግን ምን ላበላት ነው? እምነት ፍርሃትን ወዲያው ያጠፋል የሚሉ አሉ። የእኔ እምነት ከፍርሃቱ ጋር አብሮ ነው ያደረው።

በሳምንቱ አቶ ሁሴን የሚባል የከብት ነጋዴ ደጃፌ ላይ ቆመ። በእጁ ጋቢ ይዟል።

"የሰብለ እናት፣ አማን ነው?"

"አማን ነው። ግባ።"

"አልገባም። መጀመሪያ ልናገር።" ጋቢውን ደጃፉ ላይ አስቀመጠው። "ይህ የአባባ ይመር ነው። እኔ ነኝ የያዝኩት። የመጀመሪያውንም ወይፈን ቀብድ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ደህና መስለውኝ ነው። ሁለተኛ ሲመጡ ግን ገባኝ። ገብቶኝም ተቀበልኩ። ወላሂ፣ ገብቶኝ በላሁ።"

ጋቢውን አነሣሁት።

"ሚስቴ እዚያ ሰልፍ ላይ ነበረች፤ ከቴሌ መጥታ ልጅቷን መጥራትሽን ነገረችኝ። የዚያች ልጅ ላብ ነበር ለካ የምንበላው። ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?"

"አፈርኩ።"

"እኔም አፈርኩ" አለ። "በዚህ በጾም ወር ደግሞ ጭራሽ።"

በሚቀጥለው ገበያ ሁሴን ከብት ተራ መካከል ቆሞ ተናገረ። "አእምሮው የደከመ ሰው ገንዘብ ሐራም ነው! ክርስቲያኑም ዘንድ ሐራም ነው፤ አይደለም እንዴ?" ብሎ የእኛን ሰዎችም ጠየቃቸው። ቀብዱን የመለሰ መለሰ፤ ያልመለሰም አለ። የተመለሰው ብር ሰብለ እስክትመጣ አቆየን። በዚያም ላይ ሁሴን አንድ ነገር አለኝ፤ "እንዳትቆልፊባቸው። ገበያቸውን አትከልክያቸው። ይምጡ፤ ይከራከሩ፤ እጃቸውን እንመታለን። ቀብዳቸው እኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ ማታ ሙሉው ይደርስሻል።" እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው። ወጣቶቹ ነጋዴዎች አብረዋቸው ይቀልዳሉ፤ "አባባ፣ ዛሬ ጥርሱን ሳያዩ ሊገዙ ነው?" ይሏቸዋል። እሳቸውም "የአንተን ጥርስ ማየት ይሻላል" ይሏቸዋል። እንደ ሰው ይወጣሉ፣ እንደ ሰው ይገባሉ።

ጌታ በዚያ ሰው እጅ እንደሚረዳኝ አላሰብኩም ነበር። እኔ የምጠብቀው በሌላ በር ነበር።

ሰብለ ከዒዱ በዓል በኋላ መጣች። አንድ ሻንጣና ያ የተላጠ እጇን ይዛ መጣች። አባቴ ሲያዩዋት አላወቋትም።

"የማን ልጅ ነሽ?" አሏት።

"የልጅዎ ልጅ ነኝ አባባ።"

ከላይ እስከ ታች አዩዋት። "ጥሩ ዘር ነሽ" አሉ። ሳቃችን ጎረቤት ጠራ።

ወንድሞችና እህቶች፣ አባቴ አልዳኑም። ይህን የምለው ፈውስ የምትጠብቁ እንዳትሰናከሉ ብዬ ነው፤ ጌታ ይፈውሳል፣ አምናለሁ። በእኛ ቤት ግን እስካሁን እንደዚያው ናቸው። ዛሬ ጠዋትም በእናቴ ስም ጠርተውኛል። ስለ እሳቸው ነፍስ ብዙ አልናገርም፤ ሲነጋ ሲያማትቡ አያለሁ፣ የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል። ብርም አልሞላልንም። ሥጋ የምንቀምሰው ለዓመት በዓል ነው። ሳሙናው ዛሬም ያልቃል። አንዳንድ ወር ወፍጮ ቤቱ በዱቤ ይፈጭልናል። ግን ሰብለና እኔ ሽሮውን እየተፈራረቅን እንሸጣለን፤ አንዷ ስትሸጥ አንዷ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ሁለታችንም ስንወጣ የሺ አለች፤ ከእናንተ መካከልም ሦስት እህቶች ተራ ገብተዋል። ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል። እናንተ ባትጠሩም ጌታ ያውቃችኋል።

ከዚህ በፊት በገንዘብ የገዛሁት ጥበቃ ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። በነጻ የተሰጠኝ ይኸው ዓመታት ቆመ። ምስጋና ይሁን ለጌታ! ከእንግዲህም ነገ የሚመጣውን አላውቅም፤ ያየኝን አምላክ ግን አውቀዋለሁ። በእሱ ታመኑ። የተሸከማችሁትን ደብቃችሁ አትያዙት፤ በእኛ መካከል ተናገሩት፤ በገበያም ተናገሩት። የሚያፍርባችሁ ሳይሆን አብሯችሁ የሚያፍር ሰው ታገኛላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁና ልቀመጥ። ከእናንተ መካከል ልጆቻችሁን በሩቅ አገር አስቀምጣችሁ "ትንሽ ቆዩ" የምትሉ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም፤ እኔ ነኝና። ግን ነገ ሄዳችሁ ደውሉ። ጌታ እንደሚችል አምናችሁ ጥሯቸው። ሰው ሳይሞት ጥሯቸው።